ላሟ የሌለችበት ፊልም

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ጠዋት ኮሌጁ መብራት አልነበረውም። የኤሌክትሪክ መምህር ሆኖ በጨለማ ማስተማር… ለመድነው። ተማሪዎቹን በእጅ ስሌት አሠራኋቸው።

ከሰዓት በኋላ የላብራቶሪ ደብተር ሳርም ዋልኩ። ምስጢር የምትባል ተማሪ ያልለካችውን ቮልቴጅ ጽፋለች። እንዴት አወቅሁ? ሜትሩ ያን ሳምንት ተበላሽቶ መሳቢያዬ ውስጥ ተቆልፎ ነበር። ዜሮ ሰጠኋት። ቢሮ ድረስ መጣች። «ቲቸር፣ መልሱ እኮ ልክ ነው።» ልክ ነው። ግን ሜትሩን ሳያይ ቁጥር የሚጽፍ ሰው ነገ ምሰሶ ላይ ሰው ይገድላል አልኳት። ዓይኗ እንባ ሞላ። ዜሮው ግን ይቆያል።

ቤት ስገባ ትሩፋት ሰማያዊ ቀሚሷን እየተኮሰች ነው። እሑድ የናፍቆት ፊልም ይመረቃል። «ባለ ሽቦው»። ልጄ ድርሰቱን ከሁለት ሰዎች ጋር ነው የጻፈችው። ጀግናው የመብራት ሠራተኛ ነው፤ ከምሰሶ ወድቆ ሲነሳ መብረር ይጀምራል። የሠራተኛ ብርቱካናማ ሰደርያውን እንደለበሰ ከተማ ያድናል። የኛ ሰፈር ሱፐርሂሮ።

«ሚሳኤልም ይመጣል አሉ» አለች ትሩፋት፣ ከቀሚሱ ቀና ሳትል።

ማን ነው ያለው? አልጠየቅኳትም።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

የሃያሲው የሚሳኤል የሬዲዮ ፕሮግራም። ቅዳሜ ጠዋት ቤታችን ለእሱ ጸጥ ይላል። ስለ አንድ ፊልም ሃያ ደቂቃ አወራ፤ ናፍቆት ጥቁር ደብተሯን ይዛ ተቀመጠች። ላስቲክ ያለው ደብተር ነው። ላስቲኩን ታነሳለች፣ ትጽፋለች፣ መልሳ ታስራለች። ሦስት ጊዜ ከፈተችው ዛሬ።

እኔ ያልኩትን ጽፋ ታውቃለች? ነሐሴ ላይ ትሩፋት እህቷን ልትጠይቅ ደብረ ብርሃን ሄዳ ሳለ ናፍቆት ፊልሙን በላፕቶፕ አሳየችኝ። «እንዴት ነው አባዬ?» አለችኝ። «ጥሩ ነው» አልኳት። ደብተሩ አልተከፈተም።

ሠላሳ ዓመት ሆነው። ዩኒቨርሲቲ፣ የቲያትር ክበብ። ሚሳኤል ልዑል፣ ትሩፋት የልዑሉ እጮኛ። መብራቱን የምቆጣጠረው እኔ። ከአዳራሹ ኋላ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሁለቱ ሲተቃቀፉ ብርሃኑን ቀስ አድርጌ አጎላለሁ… እንዲያምሩ። ያገባችው እኔን ነው። አውቃለሁ። ግን ያን መብራት ያበራሁት እኔ ነኝ።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ይህን ለራሴ መጻፍ አለብኝ። ሲኒማ ቤቱ በር ድረስ ሄጃለሁ።

እናትና ልጅ ቀድመው ሄዱ። እኔ ለቅሶ ደርሼ ልከተላቸው። ደረስኩ። መንገዱን ልሻገር ስል በሩ ላይ አየኋቸው። ሚሳኤል ግራጫ ኮት ለብሷል። ጸጉሩ አሁንም አለ። ትሩፋትን ጉንጭ ለጉንጭ ሳማት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ከዚያም እጇን አልለቀቀም። አንድ ነገር ነገራት፤ ሳቀች። አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ። ይሄ ሳቅ ቤታችን ከመጣ ስንት ዓመቱ ነው?

ተመለስኩ። መካኒሳ ድረስ በእግሬ። አንድ ካፌ ገብቼ ሁለት ማኪያቶ ጠጣሁ፤ ሁለተኛው እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ቤት ስንገናኝ፣ «የት ነበርክ?» አለች ትሩፋት።

«ዘግይቼ ደረስኩ። ከኋላ ተቀመጥኩ።»

ናፍቆት ጫማዋን እያወለቀች ቀና አለች። «ወደድከው አባዬ?»

«በጣም።»

ጫማዋን እንደያዘች አየችኝ። ውሸት ነው? ነሐሴ ላይ አይቼዋለሁ። ያው ፊልም ነው።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ወጣ። የሚሳኤል ሂስ፣ ጋዜጣው ላይ፣ ግማሽ ገጽ። ትሩፋት አንብብልኝ አለች፤ አነበብኩላት።

መጀመሪያ በሽቦው ይቀልዳል። «ጀግናው የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ተንጠልጥሎ አይሞትም፤ ደራሲዎቹ ተመልካቹን ሞኝ አድርገውታል።» ከዚያ ዋናው፦ «ባለ ሽቦው ከተማውን ሁሉ ያድናል። እሱን ግን ደጅ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው አንድ ሰው የለም። የሚጠብቀው የሌለው ሰው ቢበርስ ባይበርስ ለኛ ምናችን ነው?»

የለም? እናቱስ? መብራት ጠፍቶ በጨለማ ላሟን እያለበች የምትጠብቀው እናቱስ? የፊልሙ ልብ እኮ እሷ ነች። በጎረቤታችን በአቶ ለታ ግቢ፣ በራሱ ላም የተቀረጸው። ከአሥር ደቂቃ በላይ ነው። ይህን ሁሉ ሳያይ እንዴት ያልፈዋል?

«እኔም የሆነ ነገር ጎድሎብኝ ነበር» አለች ትሩፋት።

ለእሱ ሲሆን ሁሌም ትስማማለች።

«ሚሳኤል የት ነበር የተቀመጠው?» አልኳት።

«አጠገቤ። ምነው?»

«ምንም።»

አሁን ገባኝ። ሰውዬው ስክሪኑን አልነበረም የሚያየው።

ናፍቆት ጋዜጣውን ይዛ ክፍሏ ገባች። በሩ ጋ ቆሜ ሰማሁ። ታለቅሳለች።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

መልስ እየጻፍኩ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ሦስት ጊዜ ቀደድኩት።

ስለ ሽቦው፦ «ወፎች በየቀኑ መስመር ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ሽቦ ብቻ የነካ፣ መሬትም ሆነ ሌላ ሽቦ ያልነካ አካል ውስጥ የሚገድል ኤሌክትሪክ አያልፍም። ይህን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ያውቃል።» ጥሩ ነው። መብረሩ ለምን እንደማያስቀኝ አልጻፍኩም… ያስቀኛል። ግን ልጄ ናት የጻፈችው።

ስለ እናቲቱ አንድ ሙሉ አንቀጽ። የወተቱ ድምፅ ባልዲው ላይ። ላሟ ጆሮዋን ወደ በሩ ስታዞር። መጨረሻው ላይ፦ «ሃያሲው ይህን ካላየ፣ በዚያ ሰዓት ዓይኑ የት እንደነበር ራሱን ይጠይቅ።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ልሰርዘው አሰብኩ። አልሰረዝኩትም። ለጋዜጣው አዘጋጅ ላክሁ።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

አወጡት። ስሜ ከነማዕረጌ። አምስት ቅጂ ገዛሁ። ጋዜጣ ሻጩ «ሰርግ አለ እንዴ?» አለኝ።

ትሩፋት እስከ መጨረሻው አነበበችና አጠፈችው። ተናዳለች? ስለ እሱ ነው የምትናደደው?

ናፍቆት ቆማ አነበበች። «አመሰግናለሁ አባዬ» ብላ ከቤት ወጣች። ፊቴን አላየችኝም። ተነክታ ይሆናል። እኔም እንዲህ ስሆን ሰው ፊት አላይም።

ከሚሳኤል ምንም የለም። በሬዲዮውም አላነሳውም። የሚለው አጥቷል።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

ጠዋት ወተት ልወስድ ለታ ጋ ሄድኩ። ይህ ሁሉ ሰፈር ቤት ሳይሆን የአባቱ ማሳ እንደነበር ሁልጊዜ ይነግረኛል፤ አሁን አራት ላሞችና አንድ ግቢ ቀርቶታል።

«ጋሽ ቸኮል፣ ላሜን ጋዜጣ ላይ አሞገሷት አሉኝ።»

«ይገባታል። ከሰዎቹ ይልቅ እሷ ትተውናለች።»

«ታዲያ የት አዩዋት?»

«ፊልሙ ላይ ነዋ።»

ወተቱን መቅዳት አቆመ። «እኔ ሚስቴን፣ አማቴንና ሦስቱን ልጆች ይዤ ሄድኩ። ላሜን፣ ቡሬን ልናይ። ከፊት ረድፍ ተቀመጥን። አማቴ አሁን ትመጣለች፣ አሁን ትመጣለች ስትል… አለቀ። ስም ሲወርድ እንኳ አልተነሳንም፤ ምናልባት በስም ትጠራ ይሆናል ብለን። ቡሬ የለችም። ግቢዬ የለም። አሮጊቷም የለችም። በሁለት ሰዓት ውስጥ የአንዲት ላም ጭራ አላየንም፣ ጋሽ ቸኮል።»

«ምናልባት…»

«ምናልባት እርስዎ ሌላ ሲኒማ ቤት ገብተው ይሆናል» አለ። ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ሳቁን ተወው። ወተቱን ከልኩ በላይ ሞላልኝ።

ያንኑ ቀን ምሽት

ራት ላይ ጠየቅኳት። «የእናትየው ክፍል የት ሄደ?»

ናፍቆት እንጀራውን ጠቀለለች። «ተቆረጠ። ከምረቃው ሁለት ሳምንት በፊት። ፕሮዲዩሰሩ ሰው ይሰለቻል አለ። አሥራ አንድ ደቂቃ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እሑድ ታያለህ ብዬ ነዋ። ብቻዬን የጻፍኩት እሱን ብቻ ነበር፣ አባዬ። ሌላው የሦስታችን ነው።» ቀጠለች፣ ድምፅዋን ሳትጨምር። «ጋሽ ሚሳኤል መኖሩን ሳያውቅ መጉደሉን አወቀ። ያን ቀን ያለቀስኩት ለዚያ ነው። ደስ ብሎኝ።»

«እኔ ደግሞ…»

«መብራት ሲበራ ከኋላ ፈለግኩህ። ሁሉንም ረድፍ።»

ሳትጮህ ነው ያለችው። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ጋዜጣው ላይ ያልታየ ነገር አሞግሻለሁ። ያንን ያነበበ፣ ፊልሙን ያየ ሰው ሁሉ የደራሲዋ አባት ለምረቃዋ እንዳልመጣ ያውቃል። በገዛ እጄ፣ ከነማዕረጌ።

ናፍቆት ከተነሳች በኋላ ትሩፋት «ሚሳኤል ደውሎልኝ ነበር» አለች።

ደወለላት።

«መቼ?»

«ቅዳሜ። ቸኮል ያየው የትኛውን ነው አለኝ። እኔም ያኔ ነው የገባኝ። ጋዜጣው መልስ ትሰጣለህ ወይ ብሎት እምቢ ብሏል። ልጅቷን ንገሪያት፣ ያንን ክፍል ማየት እፈልጋለሁ አለ።»

ስድቤን ሁሉ አልፎ የፈለገው ልጄ የጻፈችውን ነው። ሰው እንዴት በዚህም ይበልጠኛል? ቢሰድበኝ ምን ነበረበት?

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ

ሜትሩን ሳያይ ቁጥር የጻፈው ማን ነው? እኔ።

ምስጢርን አስጠራኋት። ዜሮው አይነሳም፣ ግን ሜትሩ ተጠግኗል፣ ለክተሽ አምጪ አልኳት። እዚያው ለካች። ሁለት ጊዜ። የመጀመሪያውን አላመነችውም።

ከዚያ ቢሮዬን ዘግቼ ለጋዜጣው ማረሚያ ጻፍኩ። አምስት መስመር። አልቀደድኩትም።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

ማረሚያው ከጨረታ ማስታወቂያ ሥር ወጥቷል። ትሩፋት መነጽሯን አድርጋ ጮክ ብላ አነበበች።

«“ባለ ሽቦውን” በሲኒማ ቤት አላየሁትም። የጻፍኩት ቤቴ ባየሁት፣ ከመቆረጡ በፊት ባለው ቅጂ ላይ ተመሥርቼ ነው። አቶ ሚሳኤል ፊልሙን በሚገባ አይተዋል። ስለ ሽቦው ያልኩት ግን ትክክል ነው። እስከ በሩ ሄጄ የተመለስኩበት ምክንያት የግሌ ነው።»

መነጽሯን አወለቀች። «መንገድ ማዶ ቆሞ የነበረው አንተ ነህ?»

ጋዜጣውን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ፤ አልሰጠችኝም።

«በእኔ ነው? በሚሳኤል ነው?»

«አራት ጊዜ ሳመሽ።»

«ሃምሳ አራት ዓመትህ ነው እኮ፣ ቸኮል። ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ያ መብራት የሚያበራው ቁጡ ሰውዬ አሁንም ይቆጣል ወይ ነው ያለኝ።»

ከዚያ ሳቀች። አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ። ያንኑ ሳቅ። ጋዜጣው ከጭኗ ወደቀ።

ህዳር 7፣ እሑድ

ከሰዓት በኋላ፣ የለታ የሣር ማከማቻ ውስጥ። በቀንም ጨለማ ስለሆነ እሱ የመረጠው ነው። «ቡሬ እዚሁ ጎረቤት ናት፣ ድምፅዋን ትስማ» ብሎ። ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ሰቀለ። ናፍቆት ፕሮጀክተር ተውሳ መጣች። ሽቦውን ከቤቱ ድረስ የዘረጋሁት እኔ ነኝ። መገጣጠሚያውን ሁለት ጊዜ ፈተሽኩ።

ሚሳኤል ብርቱካን ይዞ መጣ። «ቸኩ» አለኝ። ከእሱ በቀር ቸኩ የሚለኝ የለም። «ወፎቹን በተመለከተ ልክ ነህ። ፊዚክስ ላይ ሰነፍ ነበርኩ።»

«ነበርክ» አልኩት።

ትሩፋትን ሰላም ሲላት ቆጠርኩ። ሦስት። ለእኔ ስንት እንደሆነ አልቆጠርኩም።

«መብራቱን ማን ያጥፋ?» አለች ናፍቆት። ልማድ ሆኖብኝ ተነሳሁ። ትሩፋት የኮቴን ጫፍ ይዛ ጎተተችኝ። «ተቀመጥ አንተ።» ማጥፊያው በሩ ጋ ነው። ሚሳኤል አጠፋው። ወንበር አልቀረም፤ እዚያው በር ላይ ቆሞ አየ። እኔ ከትሩፋት ጎን፣ የሣር ክምር ላይ።

አሥራ አንድ ደቂቃ። ቡሬ ስትታይ የለታ አማት አጨበጨቡ። ነሐሴ ላይ ያላየሁትን አየሁ… ወይም አይቼ ያላሰብኩትን። መብራቱ ሲመጣ እናትየው አምፖሉን ቀና ብላ አታየውም። በሩን ነው የምታየው። ሰው የሚጠብቅ ሰው መብራት ምኑ ነው?

ሲያልቅ ሚሳኤል መልሶ አበራው። ሚሳኤል ጥሩ አድርጎ ተናገረ፤ እንደሚናገር አውቃለሁ። ፕሮዲዩሰሩን አነጋግራለሁ አላት። ናፍቆት ላስቲኩን አንስታ ጻፈች። አልዋሽም፣ ቀናሁ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አባዬስ?»

ጥሩ ነው ልል ነበር።

«ባልዲው» አልኩ። «መጀመሪያ ልትሞላው ትንሽ ቀርቷታል። በሩን ዞር ብላ ስታይና ስትመለስ ግማሽ ሆኗል። የሁለት ቀን ቀረጻ ነው የቀላቀላችሁት። ልጇን የምትጠብቅ ሴት ወተቷ አይቀንስም፤ አንድ ሰው ያንን ካየ ሌላውን አያምንም።»

ለታ «እውነት ነው፣ ማክሰኞ ዕለት ጥጃው ጠብቷት ነበር» አለ።

ናፍቆት አላኮረፈችም። ያሰረችውን ላስቲክ መልሳ አነሳች።

«ስንተኛው ደቂቃ ላይ ነው?»

«አራተኛው።»

ጻፈችው።