ከጣቢያው አጠገብ ያለው ክፍል

ሌቫንቶ፣ ጁን 9። የጠዋቱ ሒሳብ፦ ሁለት የጀልባ ትኬት፣ አንድ ትኩስ የወይራ ዘይት ዳቦ፣ አንዲት ያኮረፈች እናት።

ኦርኔላዬ፣ ባሕር ቁልቁል የሚያየውን የዳገት ቤት ትቼ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ክፍል የተከራየሁት ለእማዬ ጉልበት ብዬ ነበር። እሷ ግን «ባሕር አሳይሻለሁ ብለሽ ባቡር ታሳዪኛለሽ» ስትለኝ ሰነበተች።

ዛሬ ባለጀልባው ኔቪዮ ክንዱን ዘረጋላት። «ይያዙኝ እማማ፣ ከእርስዎ የከበደ የዓሣ በርሜል ተሸክሜያለሁ።»

«በርሜል አይሳደብም፤ እኔ እሳደባለሁ» አለችና ያዘችው።

ከባሕሩ ላይ ሆና ወደዚያ የዳገት ቤት የሚያስወጣውን ረጅም ደረጃ ሽቅብ አየችና እጄን ጨበጠች። አባባ ካረፈ ወዲህ ቶሪኖ ውስጥ እስከ ገበያው እንኳ አልወርድም ያለች ሴት፣ ስንመለስ «ነገስ ወዴት ነው?» አለችኝ።

ፖስታ ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። ትንሹን ብሩኖን ሳሚልኝ፣ ሱቃችንን አደራ።

ነገ፦ ለእማዬ ምርኩዝ አዲስ የጎማ ጫፍ መግዛት።