ያልነካሁት ክፍል

ለልጄ ለወንዳወቅ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነን። የማንኩሳው በቆሎ ገብቷል።

ባለፈው ሳምንት መብራት ሲጠፋ የኮምፒውተርህ ሲስተም፣ ሊኑክሱ፣ ተበላሽቶ አልነሣ አለኝ። ያኔ ሳትሄድ ሃርድ ዲስኩን ሦስት ቦታ ስትከፍለው፣ «የተጣሉ ወንድማማቾች ርስት አደረግኸው! ይሄ ስዋፕ የምትለውስ ጦም ያደረ መሬት አይደለም?» ብዬ ጮኼብህ ነበር። አንተም፣ «አባባ፣ ይስሙኝ እንጂ፤ ስዋፕ ሚሞሪው ሲሞላ የሚያግዝ ነው። ሲስተሙ ያለበት ሩት ቢበላሽም ሆም በሚባለው ክፍል ላይ ያለው ፋይል ይተርፋል» አልኸኝ። ሳልሰማህ ስቀር ሻንጣህን አንሥተህ ከቤት ወጣህ።

አሁን አንብቤ ሩቱን ብቻ አጥፍቼ እንደገና ጫንሁት። ያልኸው ሁሉ ልክ ነበር። ዕድሜዬን መሬት ስለካ ኖሬ፣ ወሰን ለምን እንደሚሰመር ሳይገባኝ አንተን ሰደብሁ።

የአጎትህ ልጅ አንዷለም ቡሬ እኖርበታለሁ ካልኸው ቤት ደርሶ፣ «እንዲህ የሚባል ሰው አናውቅም አሉኝ» ብሎ ተመለሰ። በር ተሳስተህ ነው ብዬ ተቆጣሁት፤ ይህን ደብዳቤም አስይዤ መልሼ ልኬዋለሁ። እናትህ ስልክህን ጧት ማታ ትሞክራለች። ኔትወርክ ነው እላታለሁ።

ሆምን አልነካሁትም፤ ፋይሎችህ እንደተውሃቸው ናቸው። በስምህ መግቢያ ከፍቻለሁ፤ የይለፍ ቃሉን አንተው መጥተህ ታወጣለታለህ።

ደጃፋችንን በጤና ለመርገጥ ያብቃህ።

አባትህ አዛናው፣ ከፍኖተ ሰላም