ጭስ አይቅረብ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 1964 ዓ.ም.

ወናፍ አሉኝ። የአንጥረኛ ወናፍ! ያሉት ቄሰ ገበዙ ናቸው፤ ከገጠር ድረስ በበቅሎ መጥተው፣ ቤቴ ገብተው፣ ገና አረፍ ሳይሉ። «ብረት የሚያግል ንፋስ አንድ ሰው ማስተንፈስ ያቅተዋል?» አሉ። ሳቄን ዋጥኩ። የአባቴ የንስሐ አባት በነበሩ ሰው ላይ አይሳቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለአባቴ አገር ማርያም አዲስ ደወል ተገዝቶ ነበር። ከደብረ ኤልያስ መንገድ ገባ ብለው በሸክም ሲያሻግሩት የድልድዩ ግንድ ከዳቸውና ደወሉ ወንዙ ከሚያቁርበት ጥልቅ ቦታ ሰመጠ። ዋናተኞች እየጠለቁ ዳስሰውታል፤ ገመድ እስኪያስሩ ግን ትንፋሽ አይበቃቸውም። ክረምቱ ከገባ ደለል ይውጠዋል። እኔ ደግሞ ምጽዋ ከባሕር ሥር ብረት ሳወጣ እንደኖርኩ አገሩ ሁሉ ያውቃል።

እሺ አልኩ። መነጽሩም አፍ ውስጥ የሚነከሰው መተንፈሻም ሳጥኔ ውስጥ አሉ። የጎደለኝ ከላይ በቱቦ የሚወርድልኝ አየር ብቻ ነው። ደብረ ማርቆስን በሚያህል ነፋሻ ከተማ ተቀምጬ አየር ፍለጋ ልወጣ ነው!

የሺ ራት አቅርባልኝ ዞር አለች። ባሌ ባሕሩን ተወ ብላ ነበር የተደሰተችው።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 17

የጎሚስታው የሙሉቀን ኮምፕሬሰር የመኪና ጎማ ሲነፋ አንበሳ ነው። ነገር ግን ጎማ ሳንባ የለውም።

መጥፎ አየር በዓይን አይታይም። ምጽዋ እንደ እኔው ጠላቂ ከነበረው ከሐጎስ ጋር ለአንድ ጀልባ ባለቤት እንሠራ ነበር። አየር መሳቢያው ከሞተሩ ጭስ ማውጫ አጠገብ ነበር፤ አንድ ቀን ነፋሱ ዞረና ጭሱን ወደ ቱቦው አስገባው። ሐጎስን ስናወጣው የተኛ ነበር የሚመስለው፤ ከንፈሩ ቀልቶ፣ ፊቱ ተረጋግቶ። ባሕሩን የተውኩት ያን ዕለት ነው። ለየሺ እንኳ እስከ ዛሬ በደንብ አልነገርኳትም።

ስለዚህ ፈተና ያስፈልጋል። ነጭ ጨርቅ በማሽኑ አፍ ላይ ይያዛል፤ ዘይት የሚተፋ ከሆነ ጨርቁ ይናገራል። በቤታችን ከየሺ አዲስ ነጠላ የነጣ ጨርቅ የለም። ሳላስፈቅድ ወሰድኩት። የሙሉቀን ማሽን የሳንቲም ስፋት ያለው ጥቁር ነጥብ አተመበት።

ማታ አየችው። «በነጠላዬ ነው እንዴ ትንፋሽህን የምትመርጠው?» አለች። ያኔ የሐጎስን ነገር ከነከንፈሩ ነገርኳት። ከዚያ ነጠላውን አገላብጣ፣ «በል፣ ሌላ ጫፍ አለው» አለችኝ። ከኩርፊያዋ ይልቅ ይቺ ቃል አስጨነቀችኝ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 18

ድንጋይ ሰባሪዎቹ ጋ ያለው ትልቁ ማሽን ጉልበቱ አያጠያይቅም። ግን ገደሉን ማን ያወርደዋል? ደግሞ የናፍታ ጭሱን መልሶ ራሱ ይስባል። ሐጎስ ትዝ አለኝና ነጠላውን ሳላወጣ ተመለስኩ።

መኪና ቀለም ቀቢው ጋ ያለው ማሽን ትንሽ ነው፤ በቤንዚን ይሠራል፣ አንድ በቅሎ ይችለዋል። ነጠላውን ያዝኩበት። ንጹሕ! አሸተትኩት፤ ቀለም ቀለም ይላል። በርሜሉን በፍል ውኃና በሳሙና አጠብኩ፣ ወደ አፌ የሚመጣውን ቱቦ በአዲስ ቀየርኩ፣ ሽታው እስኪጠፋ አስነሥቼ ተውኩት። ለአየር መሳቢያው ረጅም ቱቦ ገጠምኩለት፤ ከሞተሩ ርቆ፣ ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን፣ ወንዙ ዳር በሚተከል እንጨት ላይ ይታሰራል። ጫፉ ላይ ጥጥ።

መረጥኩ። ልቤ ግን ሙሉ በሙሉ አልመረጠም።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 20

ራሴን ሊፈልጠው ነው። ቢሆንም ልጻፈው።

ወንዙ ዳር መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ነበር። ሞተሩን ሳላስነሣ ጮኼ ተናገርኩ፦ እሳት የሚያነድ የለም፤ ጭስ የሚባል ነገር ወደዚህ እንጨት አይቅረብ። ሁሉም እሺ አሉ። ቄሰ ገበዙም ደግመው አስጠነቀቁልኝ።

ወረድኩ። ውኃው ድፍርስ፣ ብርዱ አጥንት የሚገባ። አየሩ ግን ጥሩ ነበር። ደወሉን በእጄ አገኘሁት፤ በአፉ ተደፍቷል። ገመዱን ላዞር ስል ሸተተኝ።

ዕጣን።

እውነቱን ልናገር፤ የሞትኩ መሰለኝ። እዚያ ጨለማ ውስጥ የቤተ መቅደስ ሽታ! «በቃ፣ መጡልኝ» አልኩ። ፍርሃት እንኳ አልነበረም፤ ደስ የሚል ድካም ነበር። ያ ድካም ነው ያነቃኝ። የሐጎስ ፊት ታየኝና ገመዱን ጥዬ ወጣሁ።

ስወጣ ቄሰ ገበዙ እንጨቱ ሥር ቆመዋል፤ ጽናው በእጃቸው፣ ፍሙ እየጋመ፣ እየጸለዩ ቱቦውን ያጥኑታል። ዳር ላይ አስመለሰኝ። ምን ልበላቸው? ጭስ አይቅረብ ብያለሁ። ዕጣንን ጭስ የሚለው ማን ነው? እኔም ራሴ አላልኩትም።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 21

የማርያም ዕለት ነውና ሥራ የለም። እኔም ብሆን ከአልጋ አልተነሣሁም።

ቄሰ ገበዙ ሊጠይቁኝ መጡ። የሺ ገና ከበሩ፣ «አባቴ፣ ባሌን አጥነው ሊገድሉብኝ ነበር!» አለቻቸው። አፍሬ ፊቴን ሸፈንኩ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። «እስትንፋሱ በዚህ ይገባል ሲሉኝ እሱን አብልጬ አጠንኩት፣ ልጄ» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔም አልቻልኩም።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 23

ትናንት ሰንበት፣ ዛሬ ጊዮርጊስ። በዓሉ አላሠራ ሲል ሰማዩ ግን አያከብርም፤ በጮቄ ተራራ በኩል ጠቁሮ ዋለ፣ ነጎድጓድም አለ። ወንዙ ከሞላ ነገሩ አበቃለት።

ይሙላ ብዬ የተመኘሁበት ሰዓት ነበር። ፈርቻለሁ። ማሽኑ ደህና ነው፣ አየሩም ደህና ነው። እንደገና ያ ድካም ቢመጣና ደስ ቢለኝስ?

የሺ ነጠላዋን አጣጥፋ ከመነጽሩ ጋር አስቀመጠችው።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 24

ወንዙ ትንሽ ደፈረሰ እንጂ አልሞላም። ነጠላውን በማሽኑ አፍ ላይ ያዝኩ፤ ንጹሕ። ቄሰ ገበዙ ያለ ጽና መጡ። እንጨቱ ሥር ራሳቸው ቆሙ፤ ማዶ አንዱ ማሳ ሊያቃጥል እሳት ሲጭር አይተው በመቋሚያቸው እየዛቱ ጮኹበት አሉ። እኔ ከታች አልሰማሁም። ከታች የሰማሁት የገዛ ትንፋሼን ብቻ ነው፤ ምንም አይሸትም። ምንም የማይሸት አየርን የመሰለ ደስታ የት አለ! ገመዱን አዞርኩ፣ ቋጠርኩ፣ ደግሜ ቋጠርኩ።

ወንዶቹ ጎተቱት። ደወሉ ጭቃ እያፈሰሰ ወጣ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጥርሴ ይንገጫገጫል።

ቄሰ ገበዙ ቀስ ብለው ወደ እኔ መጡ። «ማሽኑ ጠፍቷል?» አሉ።

«ጠፍቷል፣ አባቴ።»

«አንተስ ወጥተሃል?»

«ይኸው ከፊትዎ ነኝ።»

ያኔ ጽናቸውን አስመጥተው፣ ፍሙ ላይ ዕጣን ጨምረው ደወሉን ዞሩት። ከዚያ እኔ ጋ ሲደርሱ እጃቸው አመነታ። ተነሥቼ ጠጋ አልኳቸውና የዕጣኑን ጭስ እስኪበቃኝ ሳብኩት።