እትዬ ዘይነባ ያልጨረሱት መጽሐፍ

ሞጣ፣ ሰኞ ኅዳር 5፣ ረፋድ ላይ

ጣቶቼ የጽሕፈት መኪናውን ረስተውታል። በየመስመሩ ስሕተት። ማንም አልተቆጣኝም፤ የከፋኝ እሱ ነው። ልጄ በሰባት ወሯ ሞታ ከተወለደች ወዲህ መ/ቤት ስገባ ዛሬ ገና ነው። ሁሉም ሰላም ይለኝና ዓይኑን ከሆዴ ላይ ያሸሻል። ባሌ ጌትነት ያለው ቢቸና ነው፣ እዚያ ያስተምራል። ትናንት ከዚያ ስነሳ አይዞሽ ብሎ ሸኘኝ። ስለ ልጃችን ግን አንድም ቃል የለም።

ረቡዕ ኅዳር 7፣ ከሻይ መልስ

ማስታወሻዬ፣ ጉድ ስሚ። የመጽሐፍ መዓት መጣብኝ። ኃላፊያችን አቶ ሙላት አንድ የታሪክ መጽሐፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። በሕይወታቸው እንደሱ ያለ አላነበቡም። መወፈሩም ለእኔ ጥሩ ነው፣ ሐሳብ ያስረሳል አሉ። ገንዘብ ያዧ ትግስት ደግሞ የፍቅር ልብ ወለድ። መጨረሻው ተገንጥሏል፤ እዚያ ስደርስ ራሷ ልትነግረኝ ነው። ሳቅሁ። ወዲያው አፈርኩ። ልጄን የከዳኋት መሰለኝ።

ሐሙስ ኅዳር 8፣ ቀትር

ሁለቱንም አልገለጥኩም። አቶ ሙላት የት ደረስሽ ይሉኛል፤ እዋሻለሁ።

ዛሬ የመዝገብ ቤቷ እትዬ ዘይነባም መጡ፣ በሻሽ የጠቀለሉትን መጽሐፍ ይዘው። ከሁሉ የሚወዱት ነው። ግን ጨርሰውት አያውቁም! ምነው ብላቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

“ወላሂ እህቴ፣ ልጄን የቀበርኩ ሰሞን ነው የጀመርኩት። እዚህ ጋ የታሪኩን ልጅ ትኩሳት ይይዛታል። ትሞትብኛለች ብዬ ከዚህ አላለፍኩም።”

ይህን ያህል ዓመት አብረን ስንሠራ ልጅ መቅበራቸውን አላውቅም ነበር። ካንቺ ጋር ከሆነ እገልጠዋለሁ አሉኝ። አልችልም አልኩ። አመላለሴ ክፉ ነበር። ሻሻቸውን አጣጥፈው ሄዱ።

ዓርብ ኅዳር 9

ጠዋት ይቅርታ ጠየቅኋቸው። በምሳ ሰዓት መዝገብ ቤት ገብተን ከመጀመሪያው ጀመርን። በተራ፣ ጮክ ብለን። እሳቸው ሲያነቡ የታሪኩን ክፉ አጎት ድምፅ ያወፍራሉ።

ማክሰኞ ኅዳር 13፣ ከምሳ በኋላ

ትኩሳቱ ጋ ደረስን። እትዬ ዘይነባ መጽሐፉን ወደ እኔ ገፉት። ተቀበልኳቸው። ገጹን ገለጥኩ። ልጅቷ አላባት፣ ውኃ ስጡኝ አለች። ዳነች! እትዬ ዘይነባ አልሐምዱሊላህ አሉ፣ ለመጽሐፍ ልጅ። እቀናባታለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ደስ አለኝ። ከዚያ ሁለታችንም ለየራሳችን ልጅ አለቀስን። ትግስት በሩን ከፍታ አየችን። መጥታ አጠገባችን ተቀመጠች።

ቢቸና፣ እሑድ ኅዳር 18፣ ከሰዓት

እትዬ ዘይነባ መጽሐፉን አውሰውኝ ይዤ መጣሁ። ለጌትነት አነበብኩለት። ትኩሳቱ ጋ ስደርስ ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ተይው እንዳይለኝ ፈራሁ። ጀርባውን እንደሰጠኝ፣

“የኛዋስ ማንን ትመስል ነበር?” አለ።

እሱ አላያትም ነበር። መጽሐፉን ዘጋሁት። ፀጉሯ ችምችም ያለ እንደነበር ነገርኩት። አገጯ ቁርጥ የሱ መሆኑን። ጣቶቿ ረጃጅም። መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፣ እንደገና ንገሪኝ አለኝ። እንደገና ነገርኩት።

ስም ልናወጣላት ወስነናል። እሱ ያመጣውን እኔ አልወደድኩትም፣ እኔ ያልኩትን እሱ። እንደማንኛውም ወላጅ እየተጨቃጨቅን ነው። አሁንም አንድ ሌላ አግኝቷል መሰለኝ፣ ከጓሮ ይጠራኛል፣ ልሂድና ልስማው።