አባዬ የደበቃት ቦታ ከአውሮፕላን ስትታይ

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለዤርቬ፤

እንደምን ከርመሃል? ወገብህንስ ተሻለህ? ሎሬትና ትንሹ ኖዬልስ እንዴት ናቸው? ፐርዝ በረደ ወይስ ገና ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባዬም ደህና ነው፤ ቀጥሎ የምጽፈውን ስታነብ እንዳትደነግጥ ብዬ አስቀድሜ ነገርኩህ።

ባለፈው ሳምንት አባዬ ብቻውን ለዓሣ ወጥቶ በማግስቱ ሳይመለስ ቀረ። ለእማዬ «ወደ ደቡብ ነኝ» ብሏታል። ጀልባዋ ያለችበትን የሚናገረውን መሣሪያ ደግሞ አጥፍቶታል፤ ጎረቤቶቹ ቡርዥዋ የሚባለውን ቀይ ዓሣ የሚያወጣባትን ቦታ እንዳያዩበት! ታውቀው የለ? እኔ እንደምታውቀው በቅኝት አውሮፕላኑ ላይ ባሕር ተመልካች ነኝ። አባዬን ልንፈልግ ተነስተን አብራሪው ካፒቴን ባስትየን ወደ ደቡብ ሊያዞር ሲል ጮህኩ። «ካፒቴን፣ የኛ መንደር ሰው ደቡብ ካለ ሰሜን ነው!» «አባትሽን ውሸታም እያልሽኝ ነው?» አለኝ። «ኧረ ዓሣ አጥማጅ ነው እያልኩዎት ነው» አልኩት። እየሳቀ ወደ ሰሜን አዞረ።

ወይኔ ዤርቬ! ከሩቅ ምን ባይ ጥሩ ነው? አንድ ትልቅ የባዕድ መርከብ ስሙን በቀለም ሸፍኖ ዓሣችንን ይዝቃል። አጠገቡ የአባዬ ጀልባ ሞተሯ በመረባቸው ተጠልፎ ቆማለች፤ እሱ ሸሚዙን አውልቆ ያውለበልባል። ልቤ ልትወጣ ደረሰች! ዝቅ ብለን ስናልፍ መርከቡ መረቡን ቆርጦ ሊሸሽ ሞከረ። የት አባቱ! ከላይ እየዞርን፣ ፎቶ እያነሳን፣ የጠረፍ ጠባቂዎቹን በሬዲዮ እየመራን አልለቀቅነውም። ከሰዓት በኋላ ተያዘ፤ አባዬንም ይዘውት መጡ። ይሄን ሁሉ ባሕር በጀልባ ብቻ ቢፈልጉ መቼ ይደርሱ ነበር?

ወደብ ላይ አቅፌው ሳለቅስ መጀመሪያ ያለኝ «ቦታዬን ለስንት ሰው አሳየሽ?» ነው። እማዬ «አንተ ሽማግሌ፣ ልትሞት ነበር እኮ!» ብላ ጮኸችበት። ራት ላይ ግን አንገቱን ደፍቶ «እኔ ከጎረቤት ስደብቃት ሌባ አገኛት» አለ። ትናንት መሣሪያውን አብርቶ ቦታዋን ለአጥማጆቹ ሁሉ በሬዲዮ ነገራቸው። «ሌባ ያየ ለልጄ ይንገራት» ሲል ደስታ አሰከረኝ!

ሎሬትን ሰላም በልልኝ፤ ኖዬልን ጉንጩን ሳምልኝ። እማዬ ዓይንህን ትስማለች። አባዬ ደግሞ እንዲህ በይው ብሎኛል፦ «ቦታዋን አላሳይህም ስላልኩት ተቀይሞኝ እንደሄደ አውቃለሁ። ይምጣ፤ እኔው እወስደዋለሁ።»

እህትህ ማርሊዝ
ማሄ ደሴት፣ ሲሼልስ
እ.ኤ.አ. ግንቦት 12 ቀን 2019