ለደጅ ጠኚዎች መቀመጫ የሠሩት የአቶ ወርቁ ደምሰው የሕይወት ታሪክ

አቶ ወርቁ ደምሰው ከአባታቸው ከባሻ ደምሰው ይርጉ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺ ወልደ ጊዮርጊስ በየካቲት ወር 1913 ዓ.ም. በቡልጋ ተወለዱ። በደብራቸው ፊደል ቆጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ አጎታቸው ወደ አዲስ አበባ ወስደው ዘመናዊ ትምህርት ቤት አስገቧቸው። ትምህርታቸው በጠላት ወረራ ቢቋረጥም እሳቸው ግን ሥራ ፈተው አልተቀመጡም፤ መንገድ ከሚለኩ ሰዎች ጋር ሜትር እየጎተቱ ሙያውን ለመዱ።

ጠላት ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በመንገድ ልኬት ሥራ ተቀጥረው ወደ ሐረር መጡ። የመጡት ለስድስት ወር ነበር። ሐረር ግን የወደደችውን እንግዳ አትሸኝም፤ ይኸው ዕድሜያቸውን በሙሉ አስቀረቻቸው።

በመጀመሪያ የተከራዩት ከኤረር በር አጠገብ በጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ከግንበኛው ከአቶ ዐብዱራሕማን ቤት አንድ ክፍል ነበር። የሁለቱ ወዳጅነት በዚያ ተጀመረ። አቶ ወርቁ ስለዚያ ቤት ማውራት አይሰለቻቸውም ነበር። በጀጎል መንገድ እግረኛ ጌታ እንደሆነ፣ ጭነት የሚነዳ ሰው እንኳ ለሽማግሌ ግድግዳ ተጠግቶ እንደሚያሳልፍ፣ ወደ ቤት የገባ እንግዳም በመደቡ ላይ ቦታ ተሰጥቶት ከሰው ጋር ፊት ለፊት እንደሚቀመጥ ደጋግመው ይነግሩን ነበር። «እዚያ ቤት ቆሞ የቀረ ሰው አላየሁም» ይሉ ነበር።

በ1941 ዓ.ም. እህቴን ወይዘሮ ለተማርያምን አገቡ። ይህን የምጽፈው እኔ አማቻቸው ተስፋዬ ነኝ። ሽማግሌ ሲልኩ አቶ ዐብዱራሕማን አንዱ ሆነው መጡ። አባታችን ሙሽራው በቅሎ እንዳለው ቢጠይቁ፣ አቶ ዐብዱራሕማን «በቅሎ የለውም፤ እግር ግን አለው፣ ማሻአላህ!» ብለው ቤቱን በሳቅ ሞሉት። እውነታቸውን ነው። አቶ ወርቁ እስከ መጨረሻው በእግራቸው የሚሄዱ ሰው ነበሩ። ከጋብቻቸውም ጽጌሬዳን፣ ዓለሙንና ወይንሸትን ወልደዋል።

በ1950 ዓ.ም. በመሥሪያ ቤታቸው የመንገድ ልኬት ክፍል ሹም ሆኑ። ከግንቡ ውጭ ያለውን የመሥሪያ ቤቶች መንገድ እንዲያሰፉም ታዘዙ። ያን መንገድ በዚያ ዘመን ያየ ያስታውሰዋል። ከጨርጨርም ከጋራ ሙለታም የመጣው ባለጉዳይ ፀሐይ እየመታው፣ መኪና አቧራ እያለበሰው፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ደጅ ይጠና ነበር። የታሰበው መንገዱ ሁሉ ለመኪና እንዲሆን ነው። አቶ ወርቁ ግን ተከራክረው ግማሹን ለእግረኛ አስከለሉ። በድንጋይ አስነጠፉት፤ ቁንዶ በርበሬ ተከሉበት፤ በዛፎቹም ሥር አቶ ዐብዱራሕማን የድንጋይ መደብ ሠሩ።

ሰው ግን አልተቀመጠም። መደቡ ባዶውን ዋለ፤ ባለጉዳዩም ወደ አጥሩ ጥግ ተመልሶ በፀሐይ ቆመ። አቶ ወርቁ ነገሩ ቢጨንቃቸው አንድ ማለዳ ጋቢ ደርበው እንደ ባለጉዳይ ሄደው ተቀመጡበት። አንድ ሹም ከበሩ ወጣ፤ ተነሥተው እጅ ነሡ። ሌላው ገባ፤ ተነሡ። የራሳቸውም አለቃ መጡ፤ ተነሡ። ምሳ ሳይደርስ ጉልበታቸው ከዳቸው። ባለጉዳዩ ስሙ ሲጠራ እንዲሰማ ብለው መደቡን በሩ ፊት ለፊት ያሠሩት ራሳቸው ናቸው። ሹም አይቶ የማይነሣ ማን አለ? ማታ ቤት ገብተው በራሳቸው ሲስቁ እንባቸው እስኪወርድ ነበር።

መደቡን አፍርሰው ጀርባው ወደ መሥሪያ ቤቶቹ፣ ፊቱ ወደ ዛፎቹና ወደ አላፊ አግዳሚው እንዲሆን አዘዙ። አቶ ዐብዱራሕማን «ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወደ ሰማይ እናዞረዋለን» እያሉ እንደገና ገነቡት። በዚያው ሳምንት መደቡ ሞላ።

አለቃቸው ግን ተቆጡ። «ሕዝቡ ለመንግሥት ጀርባውን እንዲሰጥ ነው ያደረግኸው?» አሉ። አቶ ወርቁም «ጌታዬ፣ ያላየ ሰው አልተነሣም ተብሎ አይከሰስም» ብለው መለሱ። ወይ መደቡን መልሶ ማዞር፣ ወይ ሹመቱን ማስረከብ ሆነ ነገሩ። ልጆቹ ገና ትንንሾች ነበሩ። እህቴ ያን ምሽት አለቀሰች። በማግስቱ ግን ካፖርታቸውን እያቀበለች «ያዞሩትን አይመልሱ» አለቻቸው። አልመለሱም፤ ከሹመታቸው ተነሥተው የዕቃ ቤት ጠባቂ ሆኑ፤ በዚያው ሥራ ላይም እስከ ዕለተ ሞታቸው ቆዩ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ በእሳቸው ግን ይህ ተረት አልሠራም።

መደቡን እንዲያፈርሱ የታዘዙት አቶ ዐብዱራሕማን ነበሩ። መጀመሪያ «ረመዳን ነው፣ ጾሙ ሲፈታ» አሉ። ጾሙ ሲፈታ «ዝናም ነው፣ ሲያባራ» አሉ። ዝናሙ ሲያባራ ወገባቸውን አመማቸው። ወገባቸው ሳይድን አለቃው ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛወሩ፤ ነገሩም በዚያው ተረሳ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ዓመታት ሳስብ ልቤ ይባባል። ዛፎቹ ጥላ ሠሩ። ጠዋት ባለጉዳይ፣ በምሳ ሰዓት ጸሐፊዎች፣ ወደ ማታ ከፈላና በር ገበያ ሸጠው የሚመለሱ ሴቶች ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ያርፉበት ነበር። ኦሮምኛው፣ ሐረሪው፣ አማርኛው በአንድ መደብ ላይ ይደባለቃል። እህቴና አቶ ወርቁም እሑድ ከቅዳሴ መልስ በዚያ ይንሸራሸሩ ነበር። መቀመጫ ያጡ እንደሆነ ከሁሉ የበለጠ ደስ የሚላቸው ያን ጊዜ ነው። ያ ዘመን ናፈቀኝ፤ ከእሳቸው ጋር ደግሞ ይብሱን ሄደብኝ።

አቶ ወርቁ ካለፈው ዓመት ጀምሮ በልብ ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ጥቅምት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ለተማርያም፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ እኔ አማቻቸውና እንደ ወንድም የሆኑት አቶ ዐብዱራሕማን እናዝናለን።

አንድ ኑዛዜ ትተዋል። ይህ ታሪክ ተነቦ ከግቢያቸው ስንነሣ አስከሬናቸው በመኪና ሳይሆን በእግረኞች ትከሻ፣ በዚያው መንገድ እንዲያልፍ፣ በመደቡ ላይ ያሉትም ሰዎች ለእሳቸው ብለው እንዳይነሡ እንድንነግራቸው ነው። «አታስነሷቸው፤ እኔ የለፋሁት ለዚያ ነው» ብለዋል። አደራ በመሆኑ ትናንት ሄጄ ለተቀመጡት ነገርኳቸው። አቶ ዐብዱራሕማን ከመካከላቸው ነበሩ። «ወላሂ፣ በዚህስ አንታዘዘውም» አሉኝ፤ ሌላውም ሰው በቃላቸው ተስማማ። ስለዚህ ዛሬ እዚያ ስንደርስ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ቢቆም፣ አቶ ወርቁ ይቅር ይበሉን።

ሰው ደጅ ሲጠና ቆሞ እንዳይውል የደከሙትን የወንድማችንን ነፍስ፣ እግዚአብሔር በደጁ አያቁምብን፤ ስማቸውን ቶሎ ጠርቶ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያስቀምጥልን። አሜን።