አባቴ ላይ ሁለት ጊዜ ለፈረዱት ዳኛ

ለተከበሩ የቀድሞው አብዮታዊ ልዩ ፍርድ ቤት ሰብሳቢ ዳኛ፣
አሁን በጡረታ ጽጌረዳ በማጠጣት ላይ ለሚገኙት፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ደም ግፊቱስ ጋብ አለልዎ? ከልጆችዎ ቀጥሎ በዚህ ከተማ ዕድሜዎ እንዲረዝም አጥብቃ የምትመኝ ሰው ብትኖር እኔ ነኝ። ሞት ቀድሞኝ እንዳይወስድዎ እፈራለሁና እባክዎ መድኃኒትዎን በሰዓቱ ይዋጡ።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ የከተማው ውሃ ክፍል ኃላፊ የነበረው ሰው ልጅ ነኝ። ፓርቲው አባላቱን ባጠራበት ዘመቻ ወቅት፣ በአብዮቱ በዓል ዕለት ዋናው ፓምፕ ተበላሽቶ ከተማው ውሃ ስላጣ ብቻ፣ ሕዝቡን በጥም አሳምፆ መንግሥት ሊገለብጥ ከባዕዳን ጋር አሢሯል ተብሎ እርስዎ ፊት የቀረበው ሰውዬ። ፓርቲውን ገና ስሙ ሳይታወቅ የተቀላቀለ፣ የአባልነት መታወቂያውን ከጋብቻው ቀለበት እኩል የሚጠብቅ የዋህ ነበር።

ባለፈው ሰሞን ሽማግሌዎች ልከውብኝ፣ አጣሪ ኮሚሽኑ ፊት ሲቀርቡ ልጆችዎ ጉዱን እንዳይሰሙ ችሎቱ ዝግ እንዲሆንልዎ፣ እኔም እንዳልቃወም፣ ከላይ የታዘዙትን ብቻ የፈጸሙ ሰው መሆንዎንም ተረድቼ ይቅር እንድልዎ አስጠይቀዋል። ሽማግሌ በባዶ እጅ መመለስ ነውር ነውና መልሴን እነሆ በጋዜጣ ልኬልዎታለሁ። ለእርስዎ ያለኝ ምስጋና ብዙ ስለሆነ እንዳይምታታብኝ በቁጥር ላስቀምጠው።

፩ኛ. ስለ መጀመሪያው ቀን ፍርድ ከልብ አመሰግናለሁ። ሲኒማ ቤቱን ለችሎት ሲያዘጋጁት እንዴት አምሮበት ነበር! ሠራተኛው ከየፋብሪካው በአውቶቡስ ተጭኖ መጥቶ፣ ክንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ ያሰረው ሰውዬ የት ላይ እንደሚጨበጨብና የት ላይ እንደሚፎከር ሲያለማምደው እኔና እናቴ ከፊት ወንበር ተቀምጠን እናይ ነበር። የልደት ቀኔን በየዓመቱ የሚረሳው አባቴ፣ እስር ቤት ያስጠኑትን የጥፋተኝነት ኑዛዜ አንዲት ቃል ሳይስት በቃሉ ተወጣው፤ አልቅስ የተባለበትም ቦታ ላይ አለቀሰ። እርስዎም ከፊትዎ ካለው ወረቀት ላይ አንብበው አሥራ አምስት ዓመት ፈረዱበት። እናቴ እጄን ጨምቃ ይዛ እፎይ አለች። አዎ፣ ክቡር ሆይ፣ በዚያ ዘመን በአሥራ አምስት ዓመት እፎይ ይባል ነበር።

፪ኛ. ስለ ሁለተኛው ቀን ፍርድ ግን ምስጋናዬን የምገልጽበት ቃል ያጥረኛል። ችሎቱን ሲቀርጽ የዋለው የሬዲዮ ጣቢያ ሰው ላብ እያጠመቀው መጥቶ መቅረጫው አንድም ድምፅ እንዳልያዘ ሲያንሾካሹክልዎ፣ ሌላ ዳኛ ቢሆን ያፍር ነበር። እርስዎ ግን ሳይደናገጡ ችሎቱ በማግሥቱ ከሀ እስከ ፐ እንዲደገም አዘዙ። ተደገመም። ዐቃቤ ሕጉ ትናንት የተቆጣበት ቦታ ላይ ተቆጣ፤ ምስክሩ ትናንት ውሃ የጠጣበት ቦታ ላይ ውሃ ጠጣ፤ ጭብጨባው እንዲያውም ከትናንቱ ደመቀ። የቀረው የአባቴ እንባ ነበር። እንደ ትናንቱ እንዲያለቅስ በጨዋ ደንብ ሲያሳስቡት፣ አባቴ ዓይኑን ጠረግ ጠረግ አድርጎ፣ ጓድ ዳኛ ይቅርታ ያድርጉልኝና ያለኝን ሁሉ ትናንት ጨርሼዋለሁ፣ ዛሬ ቧንቧው ደርቋል አለ።

አዳራሹም ሳቀ። ያንን ማን አለማመደው? ክንዱ ላይ ጨርቅ ያሰረው ሰውዬ ራሱ አፉን በመዳፉ ይዞ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቼዋለሁ። እርስዎ ግን ፊትዎ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ ወረቀቱን ወደ ጎን ገፍተው፣ በቃልዎ ሞት ፈረዱበት። ከላይ ስለመጣ ትእዛዝ ለሚያወሩት ሽማግሌዎችዎ ይህችን ይንገሩልኝ፤ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ከዓይናችን ሥር ነበር፣ አልጮኸም። በጆሮዎ የሾከሾከ፣ ብጣሽ ወረቀት ያቀበለ ማንም አልነበረም። ትእዛዙማ ወረቀቱ ላይ ነበር፤ አሥራ አምስት ዓመት ይል ነበር። አባቴን የገደለው ፓርቲው አይደለም። ስለተሳቀብዎ እርስዎ ገደሉት።

፫ኛ. ከዚያ በኋላ ላደረጉልንም ቸርነት ባለውለታ ነን። የጠላት ልጅ ዩኒቨርሲቲ አይገባም ስላሉ ፀጉር ሥራ ተማርኩ፤ ይኸው የማንንም እጅ ሳላይ እበላለሁ። ቤታችንን ለዚያው ቀይ ጨርቅ ላሰረው አስፎካሪ ሰጡት፤ መጋረጃችንን እንኳ ሳይቀይር ኖረበት። እናቴ በየሳምንቱ ንጹሕ ካልሲና ሸሚዝ ይዛ እስር ቤቱ በር ላይ ትሰለፍ ነበር፣ ዘበኞቹም በትህትና ይቀበሏት ነበር። እኛ ሳንሰማ አባቴ ከተገደለ ወራት ካለፉ በኋላም ይቀበሏት ነበር። ማን ለብሶት ይሆን? ይህን እንኳ የምጠይቅዎ ለጨዋታ ያህል ነው።

፬ኛ. የት ነው የቀበራችሁት? ይህ ለጨዋታ አይደለም። እናቴ ዓይኗ ሳይከደን ልታውቅ የምትፈልገው እሱን ብቻ ነው፤ እኔም ሌላ የምፈልገው የለም። ግድያው ሲፈጸም የግድ መገኘት የነበረበት ዳኛው ነው፣ ሕጉን ያወጣችሁት እናንተው ናችሁ። ስለዚህ አላውቅም የሚሏት ነገር አትሠራም። ለኮሚሽኑ ሰነድ ጠፍቷል ብለው ጽፈዋል አሉ። ሰነድ ማን ጠየቀዎት? የቆሙበትን መሬት ነው የጠየቅንዎት።

እንግዲህ ዝግ ችሎት ስለተባለው፣ አይሆንም። በግልጽ ይሆናል፣ በዚያው ሲኒማ ቤት ይሆናል፤ ኮሚሽኑም ከትናንት በስቲያ ጥያቄዬን ተቀብሎኛል። የሚያስጠናዎት ሰው አይመደብም፣ ከራስዎ አፍ የሚወጣውን እንሰማለን። ይቅርታ ስለተባለውም፣ አላደርግም። ካህንም ሐኪምም ሌላ ሰውም ልከው ቢያስለምኑኝ አላደርግም። ልቤ ደንድኗል ይሉ ይሆናል። አዎ፣ ደንድኗል፤ በዚህም አላፍርም።

ፍርድዎ ባሳደገኝ ቤት፣ ውሳኔዎ ባስተማረኝ ሙያ፣ ከአባቴ በቀረልኝ ስም ሁሉ ለክቡርነትዎ ያለኝን ወሰን የለሽ አክብሮት እየገለጽኩ፣ በችሎቱ ዕለት ከፊት ወንበር እስክንገናኝ እጅ እነሣለሁ።

የውሃ ክፍሉ ኃላፊ ልጅ፣
ፀጉር ሠሪዋ

ማስታወሻ፦ ታላቋ ልጅዎ ለካ ደንበኛዬ ኖራለች። መልካም ልጅ ናት፤ በእርስዎ አልወጣችም። ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣው ከመስጠቴ በፊት እዚሁ ወንበሬ ላይ ተቀምጣ እንድታነበው ሰጠኋት። አንብባ ጨረሰችው፤ ፀጉሯ ሳይደርቅ ሻሿን አስራ ተነሣች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ግን ተመልሳ የአባቴን ስም ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። እሑድ ምሳ አብራችሁ እንደምትበሉ እሷው አጫውታኛለች። የት እንደቀበሩት እሷ ትጠይቅዎታለች። ለእኛስ ዝም ማለት ለምደዋል፤ እስቲ እሷን ዝም ይበሏት።